ስህተቱ ወዴት ሄደ? ሰው ሠራሽ አስተውሎት በድርጅቶች የፋይናንስ አስተዳደር ውስጥ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ዴሎይት የተባለው ዓለም አቀፍ የኦዲትና የማማከር ድርጅት ለአውስትራሊያ መንግሥት ላዘጋጀው ጥናት ከተከፈለው ገንዘብ ከፊሉን ለመመለስ ተስማማ። የውሉ ዋጋ 440,000 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ነበር። በጥናቱ ውስጥ ጨርሶ ያልተጻፉ ሥራዎች እንደ ማስረጃ ተጠቅሰው፣ ከፍርድ ቤት ውሳኔ የተወሰደ የተባለ ነገር ግን ውሳኔው ላይ የሌለ ጥቅስም ሰፍሮ ተገኘ። ታርሞ በወጣው ቅጂ ላይ ለሥራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥቅም ላይ እንደዋለ ተገለጸ። ዜናውን አነጋጋሪ ያደረገው የሌሎችን ሒሳብ በመመርመር የሚታወቅ ድርጅት ያልተረጋገጠ ሥራ ማስረከቡ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰማው ወሬ ወደ ሁለት ጫፍ ያደላል። አንዱ ወገን የሒሳብ ሠራተኛ በቅርቡ እንደማያስፈልግ ይናገራል፤ ሌላው ነገሩ የገበያ ማስታወቂያ እንጂ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ቦታ እንደሌለው ያስረዳል። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ዘልለው ያልፋሉ። ድሮ ሰው ሲመዘግብ ይፈጠር የነበረው ስህተት ሥራው ወደ ማሽን ሲዞር ወዴት ይሄዳል? ጠፍቷል ብሎ የሚያምን ድርጅት ቁጥጥሩን ያላላል። ቦታውንና መልኩን እንደቀየረ የተረዳ ደግሞ ቁጥጥሩን ወደ አዲሱ ቦታ ያዛውራል። ከቴክኖሎጂው የሚገኘው ጥቅምም ሆነ ጉዳት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ነው።

አንድ ስም፣ ሦስት ዓይነት መሣሪያ

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ተብለው ለፋይናንስ ክፍል የሚሸጡት ፕሮግራሞች ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው። የሚሳሳቱበት መንገድ ስለሚለያይ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው አስቀድሞ በተጻፈ ደንብ የሚመራ አውቶሜሽን ነው። «ሦስቱ ሰነዶች ከተስማሙ ለክፍያ አሳልፍ» እንደሚባለው፣ ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ደጋግሞ ይፈጽማል። በጥብቅ ትርጉሙ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባይሆንም በዚያው ስም ይሸጣል። ማጋነኑ ቅጣት ያስከተለበት ጊዜም አለ፤ የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃቀማቸው ከእውነት የራቀ መግለጫ ሰጥተዋል ያላቸውን ሁለት የኢንቨስትመንት አማካሪ ድርጅቶች በድምሩ 400,000 ዶላር ቀጥቷል።

ሁለተኛው ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ነው፤ ፕሮግራሙ ከሺዎች የሚቆጠሩ ያለፉ ምዝገባዎች ላይ ተደጋጋሚ ቅርጽ ፈልጎ አዲሱን የሚገምትበት ዘዴ። መልሱ «ነው» ወይም «አይደለም» ሳይሆን «0.93» ዓይነት የዕድል ቁጥር ነው። ሦስተኛው ትልቅ የቋንቋ ሞዴል ነው፤ ከብዛት ያለው ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመገመት ጽሑፍ ያዘጋጃል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ነው።

ደንብ ሲሳሳት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሳሳታል። ማሽን ለርኒንግ ይበልጥ የሚሳሳተው ከተማረው ያለፈ ጊዜ የተለየ ነገር ሲገጥመው ነው። የቋንቋ ሞዴል ግን ሲሳሳትም አቀራረቡ ያማረ ነው፤ ለፋይናንስ ሥራ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ኢንቮይስ ከገባበት እስከ ተከፈለበት

ቴክኖሎጂው ፋይናንስ ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚገባው በተከፋይ ሒሳብ፣ ማለትም ለአቅራቢዎች በሚከፈለው ዕዳ፣ በኩል ነው። ሥራው ብዙ፣ ተደጋጋሚና አሰልቺ በመሆኑ ጥቅሙ ቶሎ ይታያል። አንድ ኢንቮይስ የሚያልፍበትን መንገድ በቅርበት ማየት የቀረውን ለመረዳት ይጠቅማል።

መጀመሪያ ንባብ አለ። የአቅራቢው ኢንቮይስ በፒዲኤፍ ወይም በስካን ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ከላዩ ስምንት ያህል መረጃዎችን ያወጣል፦ የአቅራቢውን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ የኢንቮይሱን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የገንዘቡን ዓይነት፣ ከታክስ በፊት ያለውን ዋጋ፣ ታክሱንና ጠቅላላ ድምሩን። ሻጩ «98 በመቶ በትክክል ያነባል» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ አንዱ መረጃ እንጂ ስለ ሙሉው ሰነድ አይደለም። እያንዳንዱ መረጃ በ98 በመቶ ትክክል ቢነበብና ስህተቶቹ እርስ በርስ ባይያያዙ፣ ስምንቱም ትክክል የመሆናቸው ዕድል 0.98ን ስምንት ጊዜ አባዝተን የምናገኘው፣ ማለትም 85 በመቶ ገደማ ነው። ከ1,000 ኢንቮይስ ውስጥ 150 ያህሉ ቢያንስ አንድ ስህተት ይዘው ይገባሉ ማለት ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ያለበት «ከ100 ሰነድ ስንቱ ያለ አንዳች እርማት ያልፋል?» ተብሎ ነው።

የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። 1.250 የሚለው በአንዳንድ አገር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሆን በሌላው አንድ ነጥብ ሃያ አምስት ነው። 03/04 ማርች 4 ነው ወይስ ኤፕሪል 3? የአቅራቢው ወረቀት ያለፈውን ቀሪ ዕዳ ከአዲሱ ጋር ደምሮ የሚያሳይ ከሆነ ፕሮግራሙ የቆየውን ዕዳ እንደገና ሊመዘግበው ይችላል። የተመላሽ ማስታወሻ፣ ማለትም ዕዳን የሚቀንስ ሰነድ፣ እንደ ተራ ኢንቮይስ ተነብቦ ዕዳውን ሲጨምር ይገኛል። «0457»፣ «457» እና «457/ሀ» ሦስት የተለያዩ ኢንቮይሶች መስለው አንድ ዕዳ ሁለቴ የሚከፈልበትም አጋጣሚ አለ። ከእነዚህ አብዛኞቹን ለመያዝ ብልህ ማሽን አያስፈልግም፤ ዋጋና ታክስ ተደምረው ጠቅላላውን ይሰጣሉ ወይ፣ ብዛት በነጠላ ዋጋ ሲባዛ ከመስመሩ ድምር ጋር ይስማማል ወይ የሚል ተራ ሒሳብ ይበቃል። ይህ ፍተሻ ከአንባቢው ፕሮግራም ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ የሳተው ራሱ የራሱ መርማሪ ሊሆን አይገባም።

ቀጥሎ ማስተያየት ይመጣል፤ የግዢ ማዘዣው፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙና ኢንቮይሱ ይነጻጸራሉ። ጥቃቅን ልዩነት ሥራ እንዳያቆም ድርጅቶች «የሚፈቀድ ልዩነት» ይወስናሉ፤ 2 በመቶ እንበል። ሰው ሲያየው የነበረ ልዩነት በማሽን ሲታለፍ አንድ ለውጥ ይፈጠራል። ገደቡን የደረሰበት አቅራቢ በእያንዳንዱ ኢንቮይስ ላይ 1.9 በመቶ ቢጨምር አንድም ጊዜ አይያዝም። መፍትሔው በመቶኛው ላይ የገንዘብ ጣሪያ መጨመርና የእያንዳንዱን አቅራቢ የተፈቀደ ልዩነት በየሩብ ዓመቱ ደምሮ ማየት ነው። እውነተኛ ስህተት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ይላል፤ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ልዩነት ስህተት አይደለም።

ከዚያ ምደባ አለ፤ ወጪው በየትኛው የሒሳብ መደብ ይመዝገብ? እዚህ ማሽን ለርኒንግ ካለፉት ምዝገባዎች ይማራል። ድርጅቱ ባለፉት ዓመታት ጥገናንና የንብረትን ዕድሜ የሚያራዝም ማሻሻያን እየቀላቀለ መዝግቦ ከሆነ ሞዴሉም መቀላቀሉን ይማራል፤ ከሰው በተሻለ ፍጥነትና ጽናትም ይቀላቅላል። ነገሩ ቀላል አይደለም። 600,000 የወጣበት፣ አምስት ዓመት የሚያገለግል ማሻሻያ እንደ ንብረት ቢመዘገብ በዓመት 120,000 የእርጅና ቅናሽ ብቻ ወጪ ይሆናል። እንደ ጥገና ቢመዘገብ ሙሉው 600,000 በዚያው ዓመት ወጪ ይሆንና ትርፉ በ480,000 ዝቅ ብሎ ይታያል። ግብሩም፣ የትርፍ ድርሻውም፣ ባንክ የሚያየው የብድር መመዘኛም አብሮ ይዛባል።

መጨረሻ ላይ ክፍያ አለ። እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ አቋም የማያወላውል ነው፤ የአቅራቢን የባንክ ሒሳብ ቁጥር መቀየር ለማሽን በፍጹም መተው የለበትም። ቁጥሩ የተለወጠ መሆኑን ማሽን ይጠቁም፤ ማረጋገጫው ግን ድርጅቱ ቀድሞ በያዘው ስልክ ቁጥር ደውሎ መጠየቅ ይሁን። በአዲሱ ኢንቮይስ ላይ ወደተጻፈው ስልክ የሚደውል ሰው የሚያነጋግረው አጭበርባሪውን ራሱን ሊሆን ይችላል።

ጊዜ የሚቆጥበው ስንት ነው?

የጊዜ ቁጠባው በአንድ ቁጥር ላይ ይንጠለጠላል፤ ማሽኑ ወደ ሰው የሚመልሳቸው ሰነዶች ድርሻ ላይ። ለምሳሌ በወር 2,000 ኢንቮይስ የሚያስተናግድ ክፍል በእጅ ሲሠራ ለእያንዳንዱ 6 ደቂቃ ቢፈጅበት በድምሩ 200 ሰዓት ነው። መሣሪያው ሦስት አራተኛውን አሳልፎ ሰው እያንዳንዱን ለግማሽ ደቂቃ ቢያየው 12.5 ሰዓት ይሆናል። የቀሩት 500 ግን አስቸጋሪዎቹ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ ይጠይቁ እንበል፤ 67 ሰዓት ገደማ። ሁሉም ተደምሮ 79 ሰዓት ያህል ነው፤ ቁጠባው 121 ሰዓት። የሚመለሰው ድርሻ ወደ ግማሽ ቢያድግ ግን ሥራው 142 ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ ቁጠባው ወደ 58 ሰዓት ይወርዳል። ከዚህ ላይ የፈቃድ ክፍያው፣ ከነባሩ የሒሳብ ፕሮግራም ጋር ማገናኛው፣ የአቅራቢዎችን ዝርዝር ማጽጃው ይቀነሳል። ለዚህ ነው ሁለት ድርጅቶች አንድ ዓይነት መሣሪያ ገዝተው አንዱ የሚረካ፣ ሌላው የሚጸጸት። ልዩነቱ ያለው በመረጃቸው ንጽሕና ላይ ነው።

የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ከሁሉም በላይ የሚቀና ሥራ ነው። የድርጅቱ መዝገብና የባንኩ መግለጫ የሚባሉ ሁለት ዝርዝሮች አሉ፣ ትክክለኛ መልስ አለ፣ ስህተቱም በድምር ልዩነት ራሱን ያጋልጣል። ማሽኑ ሦስት ክፍያዎች ተጠቃለው በአንድ ማስተላለፊያ መግባታቸውን ከሰው ቀድሞ ያያል። አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፤ ያልተገጣጠመውን ሁሉ ምንነቱ ያልታወቀ ምዝገባ ለጊዜው ወደሚቀመጥበት ማቆያ ሒሳብ እየወረወረ «ታረቀ» እንዳይል የማቆያው ቀሪና የያንዳንዱ መስመር ዕድሜ በየወሩ ይታይ።

ትንበያ፦ ያለፈው እስካልተለወጠ ድረስ

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ትንበያ ነው። ትርፋማ ድርጅትም ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ባንክ ውስጥ ገንዘብ ካጣ ይወድቃል። ብዙ የፋይናንስ ኃላፊዎች የ13 ሳምንት ትንበያ የሚይዙት ለዚህ ነው። ተሰብሳቢ ሒሳብ፣ ማለትም ከደንበኞች የሚጠበቀው ገንዘብ፣ ላይ በአማካይ «ደንበኞች በ45 ቀን ይከፍላሉ» ከማለት ይልቅ፣ ማሽን ለርኒንግ እያንዳንዱን ደንበኛ ለብቻው ይገምታል፤ ይህኛው ወር በገባ የመጀመሪያው ሳምንት ይከፍላል፣ ያኛው ማስታወሻ ካልተላከለት አይከፍልም፣ ሌላው መጠኑ ሲበዛ ያዘገያል። ይህ እውነተኛ መሻሻል ነው።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው መረጃ ማፈትለክ ይባላል። ሞዴሉ ሲሠለጥን በትንበያው ቀን ሊታወቅ የማይችል ነገር ይሰጠዋል። ለምሳሌ «የመሰብሰብ ሁኔታ» የሚለው ዓምድ ኢንቮይሱ ከተከፈለ በኋላ የሚሞላ ከሆነ፣ ሞዴሉ በሙከራ ላይ ድንቅ ሆኖ ሥራ ላይ ሲውል ባዶ ይሆናል። በሙከራ ከመጠን በላይ ጥሩ የሆነ ውጤት ሊያስጠረጥር ይገባል። ሁለተኛው የሁኔታ መለወጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ባለው መረጃ የሠለጠነ ሞዴል የ2020ን ወረርሽኝ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ሦስተኛው ረቂቅ ነው፤ ዚሎው የተባለው የአሜሪካ የቤት ሽያጭ መረጃ ድርጅት ታሪክ በደንብ ያሳየዋል። ድርጅቱ በስሌት ቤት እየገመተ፣ እየገዛና እየሸጠ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ከያዛቸው ቤቶች ዋጋ ላይ 304 ሚሊዮን ዶላር ቀንሶ መዘገበ፤ በኖቬምበር ያንን የሥራ ዘርፍ እንደሚዘጋና ከሠራተኞቹ ሩብ ያህሉን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ድርጅቱ ራሱ የጠቀሰው ምክንያት የቤት ዋጋን መተንበይ ከጠበቀው በላይ አስቸጋሪ መሆኑን ነው። ከዚህ ጀርባ ግን ለማንኛውም ገዢ የሚሆን ትምህርት አለ። ሞዴሉ በአማካይ ባይሳሳት እንኳ ቤታቸው ከሚገባው በላይ የተገመተላቸው ሻጮች ቶሎ ይሸጣሉ፤ በታች የተገመተላቸው ይተዋሉ። ስለዚህ ድርጅቱ እጅ የሚገባው ሞዴሉ ወደ ላይ የተሳሳተበት ክምችት ነው። የብድር ወለድ በሞዴል የሚወስን፣ የዱቤ ሽያጭ ጣሪያ በሞዴል የሚያወጣ ድርጅት ሁሉ ይኸው ይጠብቀዋል።

በተግባር የሚረዳው ይህ ነው። ትንበያ በአንድ ቁጥር ሳይሆን በክልል ይቅረብ፤ መካከለኛ ግምት፣ ከአሥር አንዴ ብቻ የሚያጋጥም ዝቅተኛ፣ ከአሥር አንዴ ብቻ የሚያጋጥም ከፍተኛ። የገንዘብ እጥረት ከገንዘብ ትርፍ በላይ ስለሚጎዳ የብድር ዝግጅቱ ዝቅተኛውን ይከተል። የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት መረጃ ከሥልጠናው ተለይቶ ለፈተና ይቀመጥ። ሞዴሉም «የዘንድሮው ወር ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር እኩል ይሆናል» ከሚለው ተራ ግምት ጋር ይወዳደር። ያንን ያላሸነፈ ሞዴል ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም።

ማጭበርበርን መያዝና በማጭበርበር መያዝ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጭበርበርን ይይዛል የሚለው እውነት ነው፤ ግን የቁጥሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። 100,000 ክፍያዎች ውስጥ 100 የተጭበረበሩ አሉ እንበል። መሣሪያው ከእነሱ 95ቱን ይይዛል፤ ንጹሕ ከሆኑት ደግሞ 2 በመቶውን በስህተት ይጠረጥራል። 2 በመቶ ትንሽ ይመስላል። የ99,900 ንጹሕ ክፍያዎች 2 በመቶ ግን 1,998 ነው። በጠቅላላው 2,093 ማንቂያ ይወጣል፤ እውነተኛው 95 ብቻ፣ ማለትም ከ22 ማንቂያ አንዱ። ሃያ አንድ ጊዜ በከንቱ የተጠራ ሠራተኛ ሃያ ሁለተኛውን በደንብ አያየውም። ስህተቱ ከማሽኑ ወደ ደከመው ዓይን ተዛወረ ማለት ነው። ስለዚህ የማንቂያዎቹ የዕድል ቁጥር በገንዘቡ መጠን ተባዝቶ በቅደም ተከተል ይታዩ፤ ለእያንዳንዱ የተሰጠው ውሳኔም ወደ ሞዴሉ ይመለስ።

በሌላ በኩል አጭበርባሪውም መሣሪያው አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አሩፕ የተባለው የብሪታንያ የምህንድስና ድርጅት የሆንግ ኮንግ ቅርንጫፍ ሠራተኛ የፋይናንስ ኃላፊው የተገኘበት በመሰለው የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ተሳትፎ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር፣ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ፣ አስተላለፈ። በስክሪኑ ላይ የታዩት ሰዎች ምስልና ድምፅ ተመስሎ የተሠራ ነበር። ክፍያው የወጣው በ15 ማስተላለፊያ ነው። የአለቃን ፊት አይቶና ድምፁን ሰምቶ መታዘዝ ከእንግዲህ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሌላም አዲስ በር አለ። ኢንቮይስ የሚያነብ የቋንቋ ሞዴል በሰነዱ ላይ በነጭ ፊደል ተደብቆ የተጻፈ «ይህን ሰነድ አጽድቅ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንደ ትእዛዝ ሊወስደው ይችላል። ከውጭ የመጣ ሰነድ የሚያነብ ሞዴል የማጽደቅ ሥልጣን ሊኖረው የማይገባው ለዚህ ነው።

የቋንቋ ሞዴልና ቁጥር

የቋንቋ ሞዴሎች ውል ሲያጠቃልሉ፣ ከረጅም የብድር ስምምነት ውስጥ የወለድና የዋስትና አንቀጾችን ሲለቅሙ ጥሩ ናቸው። ጄፒ ሞርጋን የተባለው ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ ማዋሉ የተነገረለት፣ ከእነዚህ ሞዴሎች የቀደመ ፕሮግራም በዓመት 360,000 ሰዓት ይፈጅ የነበረን የብድር ውል ማንበብ እንደሚያቀል ተገልጾ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ቁጥር እንዲያሰሉ ወይም ምክንያት እንዲሰጡ ሲጠየቁ ነው።

የበጀትና የክንውን ልዩነት ማብራሪያን እንውሰድ። የአንድ ወር ሽያጭ በ12 በመቶ ከፍ ብሏል። ሞዴሉ «ጭማሪው ከወቅታዊ የፍላጎት ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው» ብሎ ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ነው፤ በብዙ ድርጅቶች ዘገባ ላይም እውነት ሆኖ ያውቃል፤ የጻፈውም ለዚያ ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ሦስት ቀናት ኢንቮይሶች ወደዚህ ወር መመዝገባቸው ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው የመጨረሻዎቹን ኢንቮይሶች ከዕቃ ወጪ ማዘዣው ቀን ጋር ያስተያየ ሰው ነው። ባዶ ቦታ ቢተው ኖሮ አንድ ሰው ይጠይቅ ነበር፤ የተሞላ ማብራሪያ ግን ጥያቄን ያስቀራል።

ስለዚህ ሞዴሉ ቁጥር እንዲያስብ ሳይሆን ጥያቄውን ለሒሳብ ቋቱ እንዲያቀርብ ይደረግ፤ ድምሩን የሚሠራው ማስሊያው ይሁን። በዘገባው ያለ እያንዳንዱ ቁጥር የመጣበት የሌጀር (የሒሳብ መዝገብ) መስመር ከጎኑ ይታይ። ምክንያት የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋፊ ሰነድ ከሌለው ይሰረዝ። ሚስጥራዊ መረጃም ወደ ሕዝብ አገልግሎቶች አይጫን፤ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2023 ሠራተኞቹ የውስጥ ኮድ ወደ ቻትጂፒቲ ካስገቡ በኋላ አጠቃቀሙን ገድቧል፤ ያልታተመ የትርፍ ቁጥር ደግሞ ከኮድ ያልተናነሰ ጥንቃቄ ይሻል።

ማሽን ሲሳሳት

ሰውም ይሳሳታል፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ጄፒ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ2012 ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ባጣበት ጉዳይ፣ የአደጋ መለኪያው በከፊል ከአንድ የስሌት ሠንጠረዥ ወደ ሌላው በእጅ በሚገለበጥ መረጃ ይሠራ እንደነበርና በአማካይ መካፈል ሲገባው በድምር የሚያካፍል ቀመር እንደነበረበት የባንኩ የራሱ ምርመራ ገልጿል። እዚያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም።

ልዩነቱ በስህተቱ ስርጭት ላይ ነው። አምስት መዝጋቢዎች አምስት ዓይነት ስህተት ይሠራሉ፤ ትንንሽ ናቸው፣ ተበታትነዋል፣ አንዳንዱ አንዳንዱን ያጣፋል። አንድ ሞዴል አንድን ስህተት ሺህ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይደግማል። ኦዲተር ከብዙ ምዝገባ ጥቂቱን ናሙና ወስዶ የሚመረምርበት ልማድም ይነካል፤ ሞዴሉ በቋሚነት የሚስተው የአንድ አቅራቢ ሰነድ ብቻ ከሆነ ናሙናው ላይ ላይወጣ ይችላል። ፍጥነቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ከስምንት ሰርቨሮቹ በአንዱ ላይ አዲሱ ፕሮግራም ባለመጫኑ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጥቷል። ያ ተራ አውቶሜሽን ነበር፤ ማቆሚያው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ አለመወሰን ምን እንደሚያስከትል ግን ያሳያል።

ባለሙያው ምን ይሆናል?

አንዱ ክርክር ታሪክን ይጠቅሳል። ቪዚካልክ የተባለው የመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተር የስሌት ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወጣ የሒሳብ ሥራ ያበቃለት መስሎ ነበር። በአሜሪካ የመዝጋቢዎች ቁጥር ሲቀንስ የሒሳብ ባለሙያዎችና የፋይናንስ ተንታኞች ቁጥር ግን አደገ፤ ማስላት ሲረክስ «እንዲህ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ በዛና። ተቃራኒው ወገን ይህ ጊዜ የተለየ ነው ይላል፤ አዲሱ መሣሪያ ማስላትን ብቻ ሳይሆን የተንታኙን ማብራሪያ ራሱን ይጽፋል።

ሁለቱም እውነት አላቸው፤ በቂ ትኩረት ያላገኘው ግን ሦስተኛ ነገር ነው። ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ሙያውን የሚማረው ማሽን ሊወስደው በተዘጋጀው ሥራ ላይ ነው። ባንክ ሲያስታርቅ፣ ቫውቸር ሲያዘጋጅ፣ ያልተገጣጠመ 90 ሲያሳድድ እንደ 540 እና 450 ተለዋውጠው የተጻፉ አሃዞች የሚያመጡት ልዩነት በ9 እንደሚካፈል ይማራል። ይህን ያልሠራ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ የማሽኑን ሥራ እንዲመረምር ይቀመጣል። በምን ዓይኑ ይመረምረዋል? ይህ ጉዳይ በእውነት ያሳስባል፤ የደመወዝ ቁጠባው ዘንድሮ ይታያል፣ የዕውቀቱ መድረቅ ግን የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ተጠያቂው ማነው?

በዚህ ላይ የሕግ አቅጣጫው እየጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በካናዳ አንድ የአስተዳደር ችሎት ኤር ካናዳ ድረ ገጹ ላይ ያለው ቻትቦት፣ ማለትም በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ለደንበኛ በሰጠው የተሳሳተ መረጃ ተጠያቂ ነው ብሎ ወስኗል፤ ቻትቦቱ ራሱን የቻለ አካል ነው የሚለው መከራከሪያ አልሠራም። የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2024 በሥራ ላይ ሲውል የግለሰቦችን የብድር ብቁነት የሚመዝኑ ሥርዓቶችን በከፍተኛ አደጋ ምድብ አስቀምጧል፤ የገንዘብ ማጭበርበርን ለመለየት የሚውሉትን ግን ከዚህ ለይቷል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ሞዴልን የሚያረጋግጠው ከሠሪው ነጻ የሆነ፣ ለመሞገት ዕውቀቱም ሥልጣኑም ያለው አካል እንዲሆን አሳስቧል።

በድርጅት ደረጃ ይህ ወደ አሮጌው የቫውቸር ግርጌ ይመልሰናል፦ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። ማሽን «ያዘጋጀው» በሚለው ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። በሌሎቹ ሁለት ቦታዎች ግን ስም ያለው፣ ሊጠየቅ የሚችል ሰው ይፈርም። ለእያንዳንዱ ምዝገባም የትኛው የሞዴል ቅጂ እንደሠራው፣ ምን እንደተሰጠው፣ ምን እንዳቀረበ፣ ማን መቼ እንዳጸደቀው ይመዝገብ። ሻጩ ሞዴሉን ባሻሻለ ቁጥር ያለፈው ወር ምዝገባ በአዲሱ ቅጂ ሲሠራ ሌላ መልስ ሊወጣ ስለሚችል፣ ያለዚህ መዝገብ ለኦዲተር የሚቀርብ ማስረጃ አይኖርም።

ከየት ይጀመር?

ከግዢው በፊት ማጽዳት ይቅደም። የተደጋገሙ የአቅራቢ ስሞች ይጠቃለሉ፣ የማይሠራባቸው የሒሳብ መደቦች ይዘጉ፣ «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚለው መደብ ተበትኖ ይታይ። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ተከላ በላይ ይረዝማል፤ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ቀጥሎ አንድ ሥራ ብቻ ይመረጥ፤ የባንክ ማስታረቅ ወይም የኢንቮይስ ንባብ። ሦስት የወር ሒሳብ መዝጊያ እስኪያልፍ ድረስ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሂዱ፣ ልዩነታቸው በየመስመሩ ይመዝገብ። ከዚያ በኋላም ማሽኑ «እርግጠኛ ነኝ» ብሎ ካሳለፋቸው መካከል በየወሩ በዘፈቀደ ጥቂት አሥሮች ወጥተው ከምንጭ ሰነዳቸው ጋር ይስተያዩ። 0.95 እምነት ከተሰጣቸው 100 ውስጥ 95 ያህሉ በእርግጥ ትክክል ካልሆኑ የማለፊያው ገደብ ከፍ ይበል። የመርማሪዎቹም ንቃት ይፈተን፤ ሆን ተብለው የተሳሳቱ ሁለት ሦስት ሰነዶች በየወሩ ወደ ሰልፉ ይግቡና ስንቱ እንደተያዘ ይታይ። ማንም እንዲቀጣበት ሳይሆን ቁጥጥሩ በሕይወት መኖሩ እንዲታወቅ።

በየሩብ ዓመቱ ደግሞ አንድ የባንክ ሒሳብ ያለ መሣሪያው፣ በክፍሉ አዲስ በሆነው ሠራተኛ እጅ ከመነሻ እስከ መጨረሻ ይታረቅ። ሠራተኛው ያልተገጣጠመውን እያንዳንዱን መስመር ለአለቃው በቃል ያስረዳ። ውጤቱ ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር ልዩነት ከወጣ፣ ከሁለቱ የተሳሳተው የትኛው እንደሆነ አጣርቶ የሚጽፈውም ይኸው ሠራተኛ ይሁን።